ሌድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) 6 ተገኘብኝ ላልሽው እህት

"ሁለት ጊዜ ፅንስ ወረደብኝ። አሁን ደሜ ሲመረመር ሌድ 6 ተገኘ። ምክንያቱ እሱ ይሆን? ዲቶክስ ልጀምር?" ብለሽ የጠየቅሽው እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔም እዚሁ ሜሪላንድ ተመሳሳይ ነገር አልፎብኛል።

6 ማለት በአንድ ዴሲሊትር ደም ውስጥ 6 ማይክሮግራም ሌድ ማለት ነው። ዲቶክሱን፣ ማለትም መርዝ ያስወጣል እየተባለ የሚሸጠውን፣ ተዪው። ሌድ የሚያስወጣ እውነተኛ መድኃኒት አለ፤ ግን ሐኪሞች ለነፍሰ ጡር እሱን የሚያስቡት ቁጥሩ 45 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ሲዲሲ (የአሜሪካ መንግሥት የበሽታ መከላከያ ተቋም) ደግሞ ነፍሰ ጡር ላይ 5 እና ከዚያ በላይ ከተገኘ ክትትል ይደረግ፣ ምንጩም ይፈለግ ይላል። ስለዚህ 6 የሚያስደነግጥ ባይሆንም የሚናቅ አይደለም። በ1999 የወጣ የሜክሲኮ ሲቲ ጥናት ሌዱ ከፍ ባለ ቁጥር ፅንስ የመውረዱ ዕድል እንደሚጨምር አሳይቷል። ያንቺ በዚህ ምክንያት ነው ብሎ የሚምልልሽ ሐኪም ግን አታገኚም።

ዋናው ሥራ ምንጩን ማግኘት ነው። እኔን የጠየቀችኝ ነርስ ጎበዝ ነበረች። ቤታችሁ መቼ ተሠራ? ባልሽ ምን ይሠራል? ዓይንሽን ምን ትቀቢያለሽ? ከአገር ቤት የመጣ ኩል ነበረኝ። ባህላዊ ኩል ብዙ ጊዜ የሚፈጨው ሌድ ካለበት ድንጋይ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ በሕግ አይፈቀድም። ባለቤቴ ደግሞ አሮጌ ቤት ያድሳል። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት ቀለሙ ሌድ ሊኖረው ይችላል፤ አቧራው በልብስ ቤት ይገባል። ኩሉን ጣልኩት፤ እሱም ልብሱን እዚያው ቀይሮ መምጣት ጀመረ። በወራት ውስጥ ቁጥሩ ወረደ። ሁለቱንም ባንዴ ስላቆምን የትኛው እንደነበር መለየት አይቻልም፤ ግድም አልሰጠኝ።

ሌድ ከደም ቶሎ ይቀንሳል፤ አጥንት ውስጥ ግን ለዓመታት ይቀመጣል። ስታረግዢ ካልሲየም ካነሰሽ ሰውነትሽ ከአጥንት ይወስዳል፤ ሌዱም አብሮ ይወጣል። ስለዚህ ካልሲየምና አይረን ሐኪምሽን ጠይቂ። ጾመኛ ከሆንሽ ደግሞ ወተቱ ስለሚቀር ይህን ሳትደብቂ ንገሪያት። (እኛ ሐበሾች ጾማችንን ለሐኪም መናገር ለምን እንደሚከብደን እንጃ!)

አንድ ቦታ መድኃኒት አስውጠውኝ ሽንቴን መርምረው በቀይ የተሞላ ወረቀት ሰጥተውኝ ነበር። ያ መድኃኒት ሜታል ስለሚያስወጣ የማንም ሰው ሽንት ላይ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። የሚታመነው ከደም ሥር የተቀዳ ደም ነው። ያንቺ ከጣት ከሆነ አስደግሚው። ፊት የሚያቀላ ክሬም የምትቀቢ ከሆነም ሜርኩሪ ሊኖረው ስለሚችል እሱንም አስመርምሪ።

ሌዱን ስታሳድጂ ሌላው እንዳይረሳ። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚወርደው ግማሽ ያህሉ በክሮሞዞም ችግር ነው። ሁለት ጊዜ ከወረደብሽ የታይሮይድ፣ ደም የማርጋት ችግርና የማህፀን ቅርፅ ምርመራ መጠየቅ መብትሽ ነው።

እስቲ ንገሪኝ፣ ኩል ትቀቢያለሽ? ቤታችሁስ የመቼ ነው?