ዝናብ ሲጥል ፍሬኔ እምቢ ይለኛል

«ከታቦር ተራራ ሥር እስከ ፒያሳ ጠዋትና ማታ የምመላለሰው በብስክሌት ነው። በበጋ ምንም ችግር የለብኝም። ክረምት ሲገባ ግን ፍሬኑ አይይዝልኝም፣ ኮብልስቶኑ ላይም ጎማው ይከዳኛል። ባለፈው ሳምንት ስታጠፍ ወደቅሁ። ኖርዌይ ያለው ወንድሜ በረዶ ላይ የሚነዳው ምስማር ባለው ጎማ ነው። ‹ልላክልሽ?› ብሎኛል። ይላክልኝ? ወይስ ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ እዚሁ ልግዛ?» የሐዋሳ አንባቢ

እንኳን ለክፉ አልሰጠሽ እህቴ። ሁለቱም ይቅርብሽ።

የወንድምሽ ጎማ ጥርሶቹ ላይ ትንንሽ የብረት ምስማሮች አሉት። ሥራቸው ግግር በረዶን ወግቶ መያዝ ነው። ለእሱ ነፍስ አድን ነው። ድንጋይ ግን አይወጋም። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ምስማሩ ራሱ ያንሸራትትሻል።

ትልልቅ ጥርስ ያለው ጎማ ደግሞ ለጭቃ ነው። አስፋልትና ድንጋይ ላይ መሬት የሚነካው የጥርሶቹ ጫፍ ብቻ ስለሆነ የሚይዘው ጎማ ያንሳል። ብዙ ሰው ከመኪና ጋር ያምታታዋል። የመኪና ጎማ ሰፊና ፈጣን ስለሆነ ውሃውን የሚያስወጣበት ቦይ ያስፈልገዋል። የብስክሌት ጎማ ጠባብ ነው፣ ፍጥነቱም ትንሽ ነው፣ ውሃውን ሰንጥቆ መሬት ይደርሳል። ሰፈርሽ ጭቃ ካለበት መሐሉ ለስላሳ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለውን ምረጪ።

አሁን ያለውን ጎማ ግን በጣትሽ ተጫኚው። ደርቆ ከተሰነጣጠቀ ይቀየር። ገንዘብ ለአንድ ብቻ ከበቃሽ አዲሱ የፊት ይሁን። ጎሚስታው «የሚያልቀው የኋላው ነው» ብሎ ሊከራከርሽ ይችላል። እውነቱን ነው። ቢሆንም የኋላው ሲንሸራተት እግር አውርደሽ ትተርፊያለሽ፣ የፊቱ ከሄደ አብረሽው ትሄጃለሽ። ደህና ከሆነ የፊቱን ወደ ኋላ አዙሪና አዲሱን ፊት አስገቢ።

ንፋሱንም ተመልከቺ። የጎማው ጎን ላይ ከስንት እስከ ስንት እንደሚሞላ ተጽፏል። ብዙ የማውንቴን ጎማዎች ላይ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) የሚል ታገኛለሽ። ኮምፕረሰር ያለው ሰው ድንጋይ እስኪሆን ይሞላልሻል። በክረምት ከለመድሽው 10 ያህል ቀንሺ፣ ከተጻፈው ዝቅተኛ ቁጥር በታች ግን አትውረጂ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። እኔ የምጠረጥረው ፍሬኑን ነው። ሐዋሳ ሜዳ ስለሆነች ፍሬን የሚያስታውሰው የለም።

መጀመሪያ ማግኔት ፈልጊ። የተበላሸ ስፒከር ውስጥ አይጠፋም። ቸርኬው ላይ አስጠጊው። ከተጣበቀ ቸርኬሽ ብረት ነው፣ ካልተጣበቀ አሉሚኒየም ነው። የሚያብለጨልጭ የብረት ቸርኬ ሲረጥብ የፍሬን ጎማው ላዩ ላይ ይንሳፈፋል። ውሃው እስኪጠረግ ቸርኬው ደጋግሞ መዞር አለበት፣ ከዚያም በኋላ እንደ ደረቁ አይዝም። ይህን ማንም ባለሙያ በማጥበቅ አያስተካክልልሽም። አቅም ካለ የፊቱን ቸርኬ ወደ አሉሚኒየም ማስቀየር ነው። ወንድምሽ የግድ ልላክ ካለ ለብረት ቸርኬ የተሠራ፣ ፊቱ ቆዳ የሆነ የፍሬን ጎማ ይፈልግልሽ። ዝናብ ላይ ልዩነቱ ይታያል።

አሉሚኒየም ከሆነ ተስፋ አለ። የፍሬን ጎማዎቹን አውልቂና ፊታቸውን እዪ። መስታወት መስለው የሚያብረቀርቁ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጊያቸው። ውስጣቸው የተሰነቀረ አሸዋና የብረት ፍቅፋቂ ካለ በመርፌ ይውጣ፣ አለበለዚያ ቸርኬሽን ይበላዋል። ስትመልሻቸው ከፊት በኩል ያለው ጫፍ ቀድሞ ቸርኬውን እንዲነካ አድርጊ። የኋለኛው ጫፍ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይራቅ። ጩኸቱም ይቀንሳል። ደግሞ የፍሬን ጎማው የብስክሌቱን ጎማ እንዳይነካ፣ ነክቶ ስንቱን ከመነዳሪ አፈንድቷል!

ቸርኬውን በኦሞና በውሃ እጠቢው። ፍሬን ሲጮህ ዘይት ጠብ የሚያደርጉ አሉ። እባክሽ እንዳትሞክሪው። ካቦው ከዛገ ወይም ፍሬኑን ስትለቂው ቶሎ ካልተመለሰ ይቀየር፣ ከሁሉም ርካሹ እሱ ነው።

የወደቅሽው ስትታጠፊ ነው ብለሻል። እዚያ ላይ ፍሬን ይዘሽ ነበር ብዬ እገምታለሁ። ጎማ ያለው የመያዝ አቅም ውስን ነው፣ መታጠፉንም መቆሙንም በአንዴ ከጠየቅሽው አንዱን ይነፍግሻል። ከመታጠፊያው በፊት ቀጥ ብለሽ ፍጥነት ቀንሺ፣ ከዚያ ፍሬኑን ለቀሽ ዙሪ። ዝናብ ላይ መቆሚያሽ ከመድረሱ ራቅ ብለሽ ፍሬኑን ቀለል አድርገሽ ያዥ፣ ውሃው ይጠረግ፣ ከዚያ አጥብቂ።

ከሁሉም የሚከፋው ዝናቡ ሲጀምር ያለው ነው። አቧራውና የመኪና ዘይቱ ከውሃው ጋር ተለውሶ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል። ደህና ዝናብ ሲወርድ ይታጠባል። ባጃጆች ተሰልፈው የሚቆሙበት ጥግ፣ የዜብራ ቀለምና የብረት ክዳን ሁሌም ያንሸራትታሉ። በእነሱ ላይ ቀጥ ብለሽ፣ ፍሬን ሳትነኪ እለፊ። ኩሬ ካየሽ ዙሪው፣ ሥሩ ጉድጓድ ይሁን አይሁን አይታይም።

ቤት ስትገቢ ካቴናውን በጨርቅ ጥረጊ። ሲቆሽሽ በነጭ ጋዝ እጠቢው፣ ሲደርቅ ቀጭን ዘይት በየመገጣጠሚያው ጠብ አድርጊና ትርፉን ጥረጊ። ጋራዥ የሚሰጡሽን የተቃጠለ ዘይት አትቀበዪ። ከሞተር የወጣ ቆሻሻ አለበት፣ አሸዋም ይሰበስባል፣ እየተረጨም ያጠብሽውን ቸርኬ መልሶ ያበላሽብሻል።