ቻርጀሩ እምቢ ሲል፤ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሸቀጥ ለማምጣት ጓንዡ የሚመላለሱ አንባቢ፣ 20,000 ሚሊአምፒር-አወር የሚል ፓወር ባንክ ይዞ መሳፈር ይቻላል ወይ ይላሉ። ለትንሽ ባትሪ ይህ ሁሉ ቁጥጥር በዛ የሚል ቅሬታም አክለዋል።

ይቻላል፤ በእጅ ሻንጣ ብቻ። የሚታየው ዋት-አወሩ (የሚይዘው የኃይል መጠን) ነው፦ 20 አምፒር-አወር በ3.7 ቮልት ሲባዛ 74 ይመጣል። እስከ 100 ያለ ፈቃድ ያልፋል፤ ከ100 እስከ 160 አየር መንገዱን ማስፈቀድ ነው። በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ግን ከሰኔ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ የአገሪቱ የደኅንነት ማረጋገጫ የሆነው የ«ሲሲሲ» ምልክት የሌለው አይገባም። በኤምሬትስ ከሆነ ከመስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ወዲህ አንድ ብቻ ይፈቀዳል፤ በረራ ላይ መጠቀምም ክልክል ነው። በዛ ላሉት ደግሞ፦ ሐምሌ 2005 ዓ.ም. ሂትሮው ቆሞ የነበረውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድሪምላይነር ጣሪያ ያቃጠለው እሳት የተነሣው ከአደጋ ጊዜ መጠቆሚያ መሣሪያ የሊቲየም ባትሪ ነው።

ስልክ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ላይ ቢያድር ይፈነዳል ወይ?

ትራስ ሥር አያስገቡት እንጂ ይደር።

ያበጠ የስልክ ባትሪ በመርፌ ወግተው አየሩን ሊያስወጡ ያሰቡ አሉ።

እባክዎ አይውጉት! የሚወጣው አየር ሳይሆን የሚቀጣጠል ጋዝ ነው፤ ውስጡ ያሉት ንጣፎች ከተገናኙም ወዲያው በእሳት ይያያዛል። ስልኩን ያጥፉ፣ ቻርጅ አያድርጉ፣ አሸዋ ባለበት ብረት ዕቃ ውጭ ያስቀምጡትና ለጠጋኝ ይስጡ።

የሰሚቱ አንባቢ ደብዳቤ ረጅም ነው፤ ላሳጥረው። የኤሌክትሪክ መኪና ገዙ፤ ቤት ሲሰኩት ቻርጀሩ ቀይ እያበራ እምቢ አለ። የሰፈር ኤሌክትሪሻን ሶኬቱን ፈቶ ከኒውትራሉ (ከመመለሻው ሽቦ) ወደ ኧርዙ (ብልሽት ሲኖር ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ወደሚያወርደው) ቁራጭ ሽቦ አገናኘ፤ አረንጓዴ በራ። «ከዚያ ወዲህ ይሠራል፤ ችግር አለው?»

አለው። ዛሬውኑ ብሬከሩን ያውርዱና ያስፈቱት። ቻርጀሩ ቤቱ ኧርዝ እንደሌለው እየነገረዎ ነበር፤ ሰውየው አፉን ዘጋው። ኒውትራሉ ከፖሉ እስከ ሶኬቱ አንድ ቦታ ቢላላ ወይም ቢቃጠል፣ ቤት ውስጥ በበራ ዕቃ፣ ለምሳሌ በፍሪጅ በኩል ያለፈው 220 ቮልት መመለሻ ያጣና በዚያች ቁራጭ ሽቦ አድርጎ መኪናው አካል ላይ ይወጣል። መኪናው ጎማ ላይ ስለቆመ ብሬከር አይወርድም፤ እርጥብ መሬት ላይ ቆሞ በሩን የነካ ሰው ነው መንገድ የሚሆነው። በጥገና ጊዜ ፌዙ (ኤሌክትሪኩን የሚያመጣው ሽቦ) ከኒውትራሉ ጋር ቢቀያየርማ ምንም መቃጠል ሳያስፈልግ 220ው መኪናው አካል ላይ ነው። ቻርጀሩ መከላከያ አለው እንዳይሉ፤ ብዙዎቹ ፌዝና ኒውትራሉን ይቆርጣሉ እንጂ የኧርዙን ሽቦ አይነኩም።

ትክክለኛው ኧርዝ የሚሠራው እንዲህ ነው። ቢያንስ 1.5 ሜትር የሆነ መዳብ የለበሰ ዘንግ እርጥበት ያለው አፈር ውስጥ ይመታና ከዋናው ሳጥን የኧርዝ ባር ጋር ይታሰራል። ዘንጉ ብቻውን ግን አይበቃም፦ ሬዚስታንሱ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግድበት መጠን) 20 ኦም ቢሆን በብልሽት ጊዜ የሚያልፈው ቢበዛ 11 አምፒር ነው፤ ባለ 16 አምፒር ብሬከር ይህን ከቁብ አይቆጥረውም። ስለዚህ በ30 ሚሊአምፒር የሚቆርጥ አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲያፈስ መስመሩን የሚዘጋ መሣሪያ) ግድ ነው። መስመሩ ከሳጥኑ ለብቻው ይምጣ፤ ከምጣድ ጋር አይሆንም፣ በዲቫይደር ጭራሽ። ተራ ሶኬት ላይ ከሆነ ቻርጀሩን 10 አምፒር ላይ ያድርጉት። 60 ኪሎዋት-አወር ባትሪ ከባዶ ተነሥቶ ከ27 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ ቸኩሎ 16 ላይ ያደረገ ሶኬቱን ያቀልጣል።

ይህን ራስዎ አይሞክሩት። የሚሠራው ሰው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ ይኑረው፤ ወረቀቱን ያሳይዎ፣ ዘንጉንም በኧርዝ መለኪያ ለክቶ ቁጥሩን ይስጥዎ። መለኪያ የለኝም ካለ ሌላ ሰው ይጥሩ።

መኪናው ቢቃጠል በዱቄት ማጥፊያ ይጠፋል ወይ?

ነበልባሉ ይጠፋል፤ ባትሪው ስለማይበርድ መልሶ ይነሣል፣ አንዳንዴም ከሰዓታት በኋላ። ሰው አርቀው ወደ እሳት አደጋ 939 ይደውሉ።

ከሜሪላንድ፦ የነዳጅ መኪና ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት ከታገደ ለእናቴ ያገለገለ ቴስላ ልላክ?

የአሜሪካ ቴስላ መሰኪያ እዚህ ከሞሉት የቻይና መኪኖች መሰኪያ ጋር አይገጥምም። ከመጫንዎ በፊት እናትዎ በሚያገኙት ጣቢያ የሚሠራ አስማሚ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ቀረጡን የጉምሩክ አስተላላፊ ይንገርዎ።