የመስመር አጥቂውን ተከላካይ ላድርገው?

ጥያቄ፦ በኮምቦልቻ ከ17 ዓመት በታች የሆኑ ታዳጊዎችን በፕሮጀክት አሠለጥናለሁ። የግራ መስመር ተከላካያችን ከቤተሰቡ ጋር ወደ ሌላ ከተማ ስለሄደ፣ ቦታውን ለግራ መስመር አጥቂያችን ለመስጠት አስቤአለሁ። ልጁ ግራ እግር ነው፤ ፈጣን ነው፤ ትንፋሹም ቶሎ አያልቅም። ነገሩን ስነግረው ግን አኮረፈ። አባቱም «ልጄን ከግብ አርቀህ በረኛ አጠገብ ልታቆመው ነው?» ብለው ወቀሱኝ። ውሳኔዬ ትክክል ነው? ከሆነስ ምን ላለማምደው?
አሠልጣኝ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን በፍጥነቱና በግራ እግሩ ብቻ አይወስኑ። ፍጥነት ያለው ተከላካይ ከተቀደመ በኋላ ሊደርስ ይችላል፤ እንዳይቀደም የሚያደርገው ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አስቀድመው ልጁ ኳስ ሲነጠቅ ምን እንደሚያደርግ ይመልከቱ። እጁን ዘርግቶ ወደ ዳኛው የሚያይ ወይም አንገቱን ደፍቶ የሚቆም ከሆነ ለቦታው ገና ነው። ማንም ሳይነግረው ዞሮ የሚያሳድድ ከሆነ ግን ዋናው ነገር አለው፤ የቀረው በልምምድ ይመጣል።

ከልምምዱ ሁሉ ብዙ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ለዓይኑ ነው። ልጁ አጥቂ ሳለ ጨዋታውን ፊት ለፊቱ ያይ ነበር፤ ከጀርባው ማን እንዳለ ማወቅም እምብዛም አያስፈልገውም ነበር። አሁን ግን ኳሷ በወዲያኛው መስመር ስትሆን እርሱ ወደ መሐል ተከላካዮቹ ይጠጋል፤ በዚያው ቅጽበት የተጋጣሚው አጥቂ ከጀርባው ወደ ሩቁ ቋሚ ይሮጣል። ልጁ ኳሷን ብቻ እያየ ከቆመ፣ ሲሻማ ሰውየው ቀድሞት ይገኛል። በታዳጊዎች ጨዋታ የሚቆጠሩብንን ግቦች ልብ ብለን ብናያቸው፣ ብዙዎቹ እንዲህ የሚገቡ ናቸው። ይህን ለማረም ኳስ ይዘው በቀኝ መስመር ይቁሙ፤ ከልጁ ጀርባ አንድ ተጫዋች ያስቀምጡና አንዴ እጁን እንዲያነሣ፣ አንዴ ቦታ እንዲቀይር ያድርጉ። ልጁ ሁለቱንም ማየት እንዲችል ሰውነቱን ገለጥ አድርጎ ይቁም፤ በየጊዜው በትከሻው ላይ መለስ ብሎ እያየ ያየውን ጮክ ብሎ ይንገርዎ። ከዚያ ሳያስጠነቅቁት ያሻሙ። አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም ዓይኑ ይህን ሳይለምድ ሌላው ሁሉ ብዙ አይጠቅመውም።

ሁለተኛው አንድ ለአንድ ሲገናኝ የሚቆምበት አኳኋን ነው። ፊት ለፊት በሁለት እግሩ እኩል የቆመ ተከላካይ በአንድ አብዶ ይታለፋል። ጉልበቱን ዕጥፍ፣ ጎኑን ሰጠት አድርጎ፣ አንዱን እግር ከሌላው አስቀድሞ ይቁም፤ ዓይኑም የአጥቂውን ትከሻ ሳይሆን ኳሷን ይከተል። ኳስ ለመንጠቅ ከመቸኮል ይልቅ አጥቂውን ወደ መስመሩ እየገፋ ማዘግየትን ይልመድ፤ እርሱ ባዘገየ ቁጥር ጓደኞቹ ይደርሳሉና። በተለይ በቅጣት ክልል ውስጥ ሸርተቴ እንዳይወርድ አጥብቀው ያስጠንቅቁት። አጥቂ ሳለ በተጋጣሚ ሜዳ የሚሠራው ጥፋት የቅጣት ምት ብቻ ያስከትል ነበር፤ እዚህ ግን ፍጹም ቅጣት ምት ነው።

ከጨዋታ ውጪ ሕግንም እንደ ተከላካይ ሆኖ እንደገና ይማረው። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ከቀረ የተጋጣሚን አጥቂዎች በሙሉ ነጻ ያደርጋል፤ ስለዚህ መስመሩን ከመሐል ተከላካዩ ጋር ይጠብቅ። ከእጅ ውርወራ በቀጥታ ለሚመጣ ኳስ ግን ከጨዋታ ውጪ የሚባል የለም፤ በእርሱ በኩል ውርወራ ሲኖር ከጀርባው የሚሾልክ ሰው ካለ መያዝ አለበት።

ለግጥሚያ ወደ ደሴ ስትወጡ ደግሞ ይህን ያስቡ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ስትሆን ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች። አየሩ ሲሳሳ ተጠልዛ የመጣች ኳስ ትንሽ ራቅ ብላ ታርፋለች፤ ትንፋሽም ቶሎ ያጥራል። እዚያ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጥቂት ወደ ኋላ ሳብ ብሎ ይቁም፤ ለማጥቃት የሚወጣበትንም ጊዜ ይምረጥ።

ስለ ኩርፊያው ስናነሣ፣ ልጁ የተሰማው ቅጣት ነው፤ አባቱም የተናገሩት ከፍቅር ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ቢያነጋግሯቸው ይሻላል። «አብሽር» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ ለምን እንደመረጡት በግልጽ ይንገሩት። አልፎንሶ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ2019 ባየርን ሙኒክን ሲቀላቀል የመስመር አጥቂ ነበር፤ ተከላካዮች ሲጎዱ የግራ መስመር ተከላካዩ ዴቪድ አላባ ወደ መሐል ገባና እርሱ የግራ መስመር ተከላካይ ሆነ። በ2020 የሻምፒዮንስ ሊግ ሩብ ፍጻሜ ባርሴሎናን 8 ለ 2 ሲያሸንፉ፣ የባርሴሎናውን ተከላካይ ሴሜዶን አልፎ ለቡድን ጓደኛው ኪሚች ያቀበላት ኳስ ግብ ሆናለች። አንቶኒዮ ቫሌንሲያም ማንቸስተር ዩናይትድ የገባው በመስመር አጥቂነት ሲሆን፣ በኋላ ቀኝ ተከላካይ ሆኖ አምበልነት ደርሷል። ቦታው ለዘላለም እንዳልሆነም ይንገሯቸው፤ ጋሬዝ ቤል በግራ ተከላካይነት ጀምሮ ነው ወደ ፊት የወጣው። አባቱንም አንድ ቀን ልምምድ ላይ ቢጋብዟቸው መልካም ነው።

በውድድር ጨዋታ ላይ አይጀምሩት። መጀመሪያ በወዳጅነት ጨዋታ፣ በሁለተኛው አጋማሽ፣ ብዙ ከሚናገር የመሐል ተከላካይ ጎን ያሰልፉት፤ ወደ ፊት ሲሄድም ቦታውን የሚሸፍንለትን አማካይ ከጨዋታው በፊት በስም ይወስኑ። በእነዚህ ጨዋታዎች ግብ ቢቆጠርበት ወዲያው አያስወጡት። የወዳጅነት ጨዋታዎቹ አልፈው ልጁ ከጀርባው ማየትን ካልለመደ ግን ወደ ክንፉ ይመልሱትና ለተከላካይነቱ ሌላ ልጅ ይፈልጉ።