«ኬብሉ ረዝሟል» የሚባለው እውነት ነው? ስለ ማርሽ የጠየቃችሁኝና መልሶቼ

በዚህ ሰሞን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ስለ ማርሽ ናቸው። ክረምት ሲወጣ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ጭቃ ሲጠጣ የከረመ ብስክሌት መስከረም ላይ ሲወጣ ያንገራግራል። የኮርሳ ብስክሌት ማርሽ በጣም ጠንቃቃ ነገር ነው። የማርሽ መቀየሪያውን እጀታ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ስናደርገው ኬብሉ ውስጥ ያለውን ሽቦ የሚጎትተው ልኩ በታወቀ ርዝመት ነው። ከኋላ ጎማው ላይ በመጠን የተደረደሩት ጥርሳም ቀለበቶች ካሴት ይባላሉ፤ እዚህ «ጥርስ» የምለው አንዱን ሙሉ ቀለበት ነው፤ ትልቁ ቀላሉ ማርሽ፣ ትንሹ ከባዱ ነው። ባለ 11 ጥርስ ካሴት ላይ ደግሞ ከአንዱ ጥርስ እስከሚቀጥለው ያለው ርቀት 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ትንሽ መላላት ብዙ የሚያበላሸው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከሁለት ሳምንት በፊት አዲስ የማርሽ ኬብል አስገባሁ። መጀመሪያ ጥሩ ነበር፤ አሁን ግን ወደ ቀላሉ ማርሽ ስቀይር ሰንሰለቱ ይንኳኳል እንጂ ቶሎ አይወጣም። ጠጋኙ «ኬብሉ ረዝሟል፣ ሌላ ግዛ» አለኝ። ልግዛ? (ከአዲስ አበባ፣ ሳር ቤት)

መልስ፦ አይግዙ። የብረት ሽቦ በጣት ጉልበት፣ ያውም በሁለት ሳምንት፣ ያን ያህል አይረዝምም። የሆነው ሌላ ነው። ሽቦው የሚያልፍበት ሽፋንና ጫፎቹ ላይ የሚደፉት ትንንሽ ቆቦች በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ተጭነው መቀመጫቸውን ይይዛሉ። እነሱ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር ሽቦው ትርፍ ያገኛል፤ ይላላል። ይህ በማንኛውም አዲስ ኬብል ላይ የሚጠበቅ ነው። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለስና ላጥብቅልህ» ያላለዎት ባለሙያ ሥራውን ግማሽ ላይ ጥሎታል።

ማስተካከሉን ራስዎ ይችሉታል፤ መሣሪያ እንኳ አያስፈልግም። ኬብሉ ከኋላው ማርሽ ቀያሪ (ከጥርሶቹ ሥር ተንጠልጥሎ ሰንሰለቱን ከጥርስ ወደ ጥርስ ከሚያሻግረው ዕቃ) ጋር በሚገናኝበት ቦታ ዙሪያዋ ሸካራ የሆነች፣ በሁለት ጣት የምትዞር ትንሽ ብሎን አለች። በአንዳንድ ብስክሌቶች የምትገኘው ኬብሉ መንገድ ላይ ነው። ብስክሌቱን የኋላ ጎማው እንዲዞር አድርገው ያንሱት ወይም ይስቀሉት። ሰንሰለቱን ትንሹ ጥርስ ላይ ያድርጉ፤ ፔዳሉን በእጅዎ እያዞሩ እጀታውን አንዴ ብቻ ይጫኑ። ሰንሰለቱ ወደ ሁለተኛው ጥርስ ካልወጣ ወይም እያመነታ ከወጣ፣ ብሎኗን ሩብ ዙር ወደ ውጭ ያውጧት። ከብስክሌቱ ኋላ ቆመው ሲያዩአት ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ማለት ነው። አቅጣጫው ከተምታታብዎ ይህን ይያዙ፦ ብሎኗ ስትወጣ ሽቦው ይጠብቃል፣ ስትገባ ይላላል።

ሩብ ዙር ያልኩት በምክንያት ነው። አንድ ሙሉ ዙር አዙረው «አልተስተካከለም» የሚሉኝ ሰዎች ትክክለኛውን ቦታ አልፈውት ሄደዋል። ሩብ ያዙሩ፣ ይቀይሩ፣ ይስሙ። ሰንሰለቱ ሁለተኛው ጥርስ ላይ ሆኖ ሦስተኛውን መፈግፈግ ከጀመረ አብዝተዋልና ሩብ ዙር ይመልሱ። ከኋላ ጎንበስ ብለው ሲያዩ የማርሽ ቀያሪው የላይኛዋ መዘውር (ሰንሰለቱ ከሚያልፍባቸው ሁለት ትንንሽ ተሽከርካሪዎች አንዷ) ከተመረጠው ጥርስ በቀጥታ ሥር መሆን አለባት። ልክ ስትሆን መንኳኳቱ ይጠፋል፤ የሚሰማው የሰንሰለቱ ለስላሳ ድምፅ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ያቁሙ።

አደራ የምለው አንድ ነገር አለ። ማርሽ ቀያሪው ላይ ጎን ለጎን የተቀመጡ፣ በካቻቢቴ የሚዞሩ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ። እነሱ ከኬብሉ ጥብቀት ጋር ግንኙነት የላቸውም፤ ሥራቸው ሰንሰለቱ ከትልቁና ከትንሹ ጥርስ አልፎ እንዳይወድቅ መገደብ ነው። ያለ ዕውቀት ከተነኩ ሰንሰለቱ በትልቁ ጥርስና በራጆቹ (በቸርኬው ቀጫጭን ዘንጎች) መካከል ይገባል። ቁልቁለት ላይ ይህ ከደረሰ የሚጎዳው ቸርኬው ብቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ የእኔ ተቃራኒ ነው። ወደ ቀላሉ ማርሽ ያለ ችግር ይወጣል። ወደ ከባዱ ስመልሰው ግን ዝም ይላል፤ ከዚያ በድንገት ሁለት ጥርስ ይዘላል። ብሎኗን ሳላላት መመለሱ ትንሽ ይሻላል፤ ያኔ ደግሞ መውጣቱ ይበላሻል። (ከመቀሌ)

መልስ፦ ጥያቄዎን ሳነብ ደስ አለኝ፤ ምክንያቱም መልሱን ራስዎ ጽፈውታል። ለመውጣትም ለመመለስም የሚስማማ ቦታ ከጠፋ ችግሩ ጥብቀት አይደለም፤ ሽቦው ሽፋኑ ውስጥ እየተያዘ ነው። ወደ ቀላሉ ሲወጣ የሚጎትተው የእርስዎ ጣት ነው፤ ጣት ደግሞ ጉልበት አለው። ወደ ከባዱ ሲመለስ ግን የሚስበው ማርሽ ቀያሪው ውስጥ ያለው ስፕሪንግ ብቻ ነውና አቧራና ዝገት ያሸንፉታል።

ኬብልዎ ከፍሬሙ ውጭ የሚያልፍና ማቆሚያዎቹ (ፍሬሙ ላይ ሽፋኑ የሚያርፍባቸው ጉጦች) ሽቦ የሚወጣበት ክፍተት ያላቸው ከሆኑ፣ ሳይፈቱት ማየት ይቻላል። ሰንሰለቱን ትልቁ ጥርስ ላይ ያድርጉና ጎማውን ያቁሙ። ከዚያ ፔዳሉን ሳያዞሩ እጀታውን እስከ መጨረሻው ወደ ከባዱ ይመልሱት። ሽቦው ይረግባል፤ ሽፋኑን ከማቆሚያዎቹ አውጥተው ሽቦው ላይ ማንሸራተት ይችላሉ። የተሸፈነውን ክፍል ይመልከቱ፤ ቡናማ ዝገት ወይም ጥቁር ጭቃ ካለበት በጨርቅ ጠርገው ቀጭን ዘይት ይቀቡት። ከተቦረቦረ ግን ሽቦውንም ሽፋኑንም አብረው ይቀይሩ፤ አንዱን ብቻ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው የመጨረሻው፣ ወደ ኋላ ማርሽ ቀያሪው የሚታጠፈው አጭር ቁራጭ ነው። እርጥበትና አቧራ የሚጠራቀሙት እዚያ ነው። በፔዳሉ ሥር፣ ከፍሬሙ ግርጌ ያለችውን የሽቦ መተላለፊያም አይርሷት፤ ጭቃው እዚያ ደርቆ ሲሚንቶ ይሆናል።

እግረ መንገዴን የራሴን ልንገርዎ። ከዓመታት በፊት አንድ ጠጋኝ የማርሽ ሽፋን ሲያጣ የፍሬን ሽፋን አስገባልኝ። ውጫቸው ይመሳሰላል። አንድ ወር ሙሉ ብሎኗን ሳዞር ኖርኩ፤ አንድም ቀን አልተስተካከለም። የፍሬን ሽፋን ውስጡ እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመ ሽቦ ስለሆነ በተጎተተ ቁጥር በጥቂቱ ይጨመቃል፤ ያቺ ጥቂት ማርሹን ታዛባለች። የማርሽ ሽፋን ግን በርዝመቱ የተደረደሩ ቀጫጭን ሽቦዎች ስላሉት አይጨመቅም። አብዛኛውን ጊዜ የማርሹ ውፍረት 4፣ የፍሬኑ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በተቃራኒው ማድረግ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል፦ ተራ የማርሽ ሽፋን ፍሬን ላይ ከገባ በኃይል ሲያዝ ሊፈነዳ ይችላል። በፍጹም እንዳያደርጉት።

ጥያቄ፦ ኬብል ሳስር በፒንሳ ምን ያህል አጥብቄ ልጎትት? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ በእጅ ብቻ። እጀታው ከባዱ ማርሽ ላይ፣ ሰንሰለቱ ትንሹ ጥርስ ላይ ይሁን። ማስተካከያዋን ብሎን እስከ መጨረሻ አስገብተው አንድ ዙር መልሰው ያውጧት፤ በኋላ ለሁለቱም አቅጣጫ ቦታ ይኖርዎታል። ሽቦው በተሠራለት ቦይ ውስጥ መቀመጡን አይተው፣ መርገቡ እስኪጠፋ ብቻ ስበው ይሰሩት።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 16 ነው። ብስክሌቴ በቀኝ ጎኑ ከወደቀ በኋላ ከባዶቹ ማርሾች ጥሩ ናቸው፣ ቀላሎቹ ግን ይንጫጫሉ። ቀላሎቹን ሳስተካክል ከባዶቹ ይበላሻሉ። (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ብሎኗን ተዋት፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለም። ማርሽ ቀያሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ ብረት ታጥፏል። ከኋላ ቁመህ ተመልከት፤ ሁለቱ መዘውሮች አንዱ ከሌላው ሥር ቀጥ ብለው ካልቆሙ፣ የታችኛዋ ወደ ራጆቹ ካጋደለች፣ እሱ ነው። በእጅህ ለማቅናት አትሞክር። ብረቱ ለስላሳ ነው፣ ይሰበራል። የማቅኛ መለኪያ ያለው ባለሙያ ጋር ውሰደው፤ እስከዚያ ድረስ ወደ ትልቁ ጥርስ አትቀይር፤ ማርሽ ቀያሪው ራጆቹ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ፦ ለወራት በየሳምንቱ ሳጠብቅ ቆየሁ። ትናንት ከቤቴ 15 ኪሎ ሜትር ርቄ እያለሁ እጀታው ባዶ ሆነ፤ ሰንሰለቱም ትንሹ ጥርስ ላይ ቀረ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ሽቦው እጀታው ውስጥ፣ ጭንቅላቱ (ጫፉ ላይ ያለው ጉጥ) አጠገብ ተበጥሷል። አዲስ ያልሆነ ኬብል በየሳምንቱ ማጥበቅ ከጠየቀ ሽቦው የተጠመዘዘባቸው ክሮች አንድ በአንድ እየተበጠሱ ነው ማለት ነው። ያን ጊዜ የእጀታውን ሽፋን ገልጦ ማየት ነበረብዎ። አሁንም የቀረውን ጭንቅላትና የተሰባበሩትን ክሮች ሳያስወጡ አዲስ እንዳያስገቡ፤ ስብርባሪው የእጀታውን ውስጥ ያበላሻል።

ቀደም ብዬ አትንኳቸው ካልኳቸው ሁለት ብሎኖች አንዷን እንዲህ ባለ ቀን ብቻ እፈቅዳለሁ። የትንሹን ጥርስ ገደብ የምትይዘውን ጥቂት ቢያስገቧት ማርሽ ቀያሪውን ገፍታ ሰንሰለቱን አንድ ወይም ሁለት ጥርስ ከፍ ታደርገዋለች። ዳገቱን ለመግፋት ይረዳል። ስንት ዙር እንዳስገቡ ቆጥረው፣ ቤት ሲደርሱ ያንኑ ያህል ይመልሱ።

ጥያቄ፦ የአባቴን የድሮ ኮርሳ አሳደስኩ። የማርሽ መቀየሪያዎቹ ፍሬሙ ላይ ናቸው፤ «ቀጭ» አይሉም። ጥብቀቱን በምን ልለካው? (ከአዲስ አበባ፣ ፒያሳ)

መልስ፦ በጆሮዎ። በየጥርሱ «ቀጭ» የሚለው አሠራር በሰፊው የታወቀው የጃፓኑ የብስክሌት ዕቃ አምራች ሺማኖ እ.ኤ.አ. በ1984 ዱራ-ኤስ በሚባለው የኮርሳ ዕቃው ላይ ካመጣው ወዲህ ነው። ኢትዮጵያዊው ብስክሌተኛ ገረመው ደምቦባ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ለአገሩ ሲጋልብ ማንም ተወዳዳሪ ይህ አልነበረውም፤ እያንዳንዱ ጋላቢ ጥርሱን የሚያገኘው በጣቱና በጆሮው ነበር። ስለዚህ የእርስዎ ኬብል መርገብ አይኑርበት እንጂ ሩብ ዙር የሚባል ነገር አያሳስበውም። እጀታውን ይግፉ፣ ሰንሰለቱ ሲወጣ ትንሽ አሳልፈው መልሰው ያረጋጉት፣ መንኳኳቱ ሲጠፋ ይተውት። ዳገት ላይ ማርሹ በራሱ ወደ ከባዱ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ኬብሉን አይንኩት፤ እጀታው መሐል ያለችውን ብሎን በጥቂቱ ያጥብቁ።