በስልክ ቪአር ስለማየት፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ጎንደር ካሉ ወዳጆች «የስልክ ቪአር መነጽር ልግዛ ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ፣ የደረሱኝን እዚሁ ልመልስ። ቪአር ማለት ስልኩን መነጽሩ ውስጥ አስገብታችሁ፣ ጭንቅላታችሁን ባዞራችሁበት ሁሉ ምስሉ ውስጥ ያላችሁ ያህል የምታዩበት ነው።

ፒያሳ አንድ ሱቅ የፕላስቲክ መነጽር አይቻለሁ። ልውሰደው?

ቆይ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ስልክህን እንይ። መነጽሩ ሁለት ሌንስና ማቀፊያ ብቻ ነው፤ ሥራው ሁሉ የስልኩ ነው። ስልኩ ውስጥ ጋይሮስኮፕ የሚባለው የመዞር መለኪያ ከሌለ ጭንቅላትህን ስታዞር ምስሉ አብሮህ አይዞርም። ብዙ ርካሽ ስልኮች ደግሞ የላቸውም። ስልኩን ስታጋድመው ስክሪኑን የሚያዞረው አክስለሮሜትር ነው፣ እሱ ብቻውን ለዚህ አይበቃም። ለመፈተን ምንም አትከፍልም፦ ዩቲዩብ ላይ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ (ዙሪያውን ሁሉ የተቀረጸ) ክፈትና ስልኩን እንደያዝክ በቆምክበት ዙር። ምስሉ ከተከተለህ ግዛ። በጣት ሲገፉት ብቻ የሚሄድ ከሆነ ብርህን ኪስህ ውስጥ አቆየው። ሻጩ «ለሁሉም ስልክ ይሆናል» ቢልህ የሚያወራው ስለ ስፋቱ ነው።

ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። በካርቶን ራሴ ብሠራውስ?

በጣም ጥሩ፣ እኔ ብሆን ከመግዛት ይልቅ ይሄን እመርጥ ነበር። ጉግል በ2014 (በፈረንጅ) ያወጣው ካርድቦርድ ራሱ የታጠፈ ካርቶን ነበር። ሽያጩን በ2021 ቢያቆምም ንድፉ ለሁሉም ክፍት ሆኖ የወጣ ነው። የሚያስቸግርሽ ሌንሱ ነው። የመጀመሪያው ካርድቦርድ የትኩረት ርቀቱ 45 ሚሊሜትር የሆነ ሌንስ ነበረው። ያገኘሽውን ሌንስ ለመለካት ከመስኮት ራቅ ብለሽ ነጭ ወረቀት ፊት ያዥው፤ የውጭው ምስል ወረቀቱ ላይ ጥርት ሲል በሌንሱና በወረቀቱ መካከል ያለው ርቀት የትኩረት ርቀቱ ነው። ሁለቱም ሌንሶች አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ መሐል ለመሐል 63 ሚሊሜትር ገደማ ይራራቁ። ውስጡን ጥቁር ቀቢው፣ ነጸብራቅ ይቀንሳል።

ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ የዓይን መነጽር አደርጋለሁ። ይሆነኛል?

ጋሼ፣ ሌንሱን የሚያቀርብና የሚያርቅ መዘውር ያለውን ይፈልጉ። ችግርዎ የሩቁን አለማየት ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ በዚያ ይስተካከላል። ካልሆነም ከነመነጽርዎ የሚገቡበት ሰፊ አለ።

ቪዲዮው ጭጋግ የለበሰ ይመስላል። ተበላሽቶ ነው?

አይደለም። ስክሪኑ ለሁለት ዓይን ይከፈላል፤ 1920 በ1080 ከሆነ ለእያንዳንዱ ዓይን 960 በ1080 ይደርሰዋል፣ ሌንሱ ደግሞ ያንን ያጎላዋል። በዚያ ላይ የ360 ቪዲዮ ዙሪያውን ሁሉ ስለሚሸፍን በአንድ ጊዜ የምታየው ከፊሉን ነው። ስለዚህ በዝቅተኛ ጥራት፣ በ720 የተከፈተ ቪዲዮ ጉም መምሰሉ አይቀርም፤ ከጥራት ምርጫው ከፍ ያለውን 4ኬ ምረጥ። ያ ደግሞ ዳታ ይበላል። በጥቅል አትሞክረው፣ ዋይፋይ ፈልግ።

ያዞረኛል፣ ያቅለሸልሸኛል። ለምን?

ስልኩ የሚያውቀው የአንገትሽን መዞር እንጂ እርምጃሽን አይደለም። ወደፊት ብትጠጊ ምስሉ ባለበት ይቆያል። ዓይንሽ «እየሄድን ነው» ሲል ውስጠኛው ጆሮሽ «ተቀምጠናል» ይላል፣ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ ሆድሽ ይረበሻል። በሩጫና በመውደቅ የተሞላ ቪዲዮ ተዪ፣ ካሜራው አንድ ቦታ ቆሞ የቀረጸውን ምረጪ፣ ተቀምጠሽ እዪ። ማቅለሽለሹ ሲጀምርሽ ወዲያው አውልቂው። «እለምደዋለሁ» ብሎ መታገል ያባብሰዋል።

የሰባት ዓመት ልጄ ካላየሁ አለ።

ሳምሰንግ ጊር ቪአር ለተባለው የስልክ መነጽሩ ያስቀመጠው የዕድሜ ገደብ 13 ዓመት ነበር። የልጅ ዓይኖች ርቀትም ከአዋቂ ይጠብባል፣ ሌንሶቹ አይገጥሙለትም። በእጅ ይዞ ስልኩን እያዞረ ያለ መነጽር ይይ፣ እሱም ያስደስታል።

ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ አካባቢ በሰው እያስከፈልኩ ባሳይስ?

ታቦቱና ሕዝቡ ፊቱ ቆሞ ማን ሳጥን ውስጥ ያያል ወዳጄ? በአዘቦት ቀን፣ ካፌ ውስጥ ቢሆን ይሻላል። ደንበኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ፣ ፊት የሚነካውን ስፖንጅ በየሰዉ ጥረግ፣ ስልኩ ስለሚግል የስልኩን ሽፋን አውልቅና በየመሐሉ አሳርፈው። ደጅ ካወጣኸው ግን ሌንሱ ፀሐይ እንዳያይ ተጠንቀቅ። ጨረሩን ሰብስቦ ስክሪኑን ያቃጥለዋል፣ ያኔ ኪሳራው የመነጽሩ ሳይሆን የስልኩ ነው።