የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሚኒባስ ድምፅ ከበሩ ይጀምራል

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር በሚመላለስ ቶዮታ ሃይ ኤስ ሚኒባስ ላይ ሹፌር ነኝ። ከመኪናው ጋር የመጡት የፊት በር ስፒከሮች ወረቀታቸው ስለ ተቀደደ «500 ዋት» የተጻፈባቸው አዲስ ጥንድ ገዝቼ አስገጠምሁ። ድምፁ ግን እንደ ጠበቅሁት አልሆነም፤ የማሲንቆው ድምፅ ጆሮ ይወጋል፣ ከበሮው ጨርሶ ጠፍቷል፣ ከፍ ሳደርገው የበሩ ሽፋን ይንቀጠቀጣል፣ ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ደግሞ አልተሰማንም እያሉ ጨምር ይሉኛል። ነዳጅ ስሰጠውም ከሞተሩ ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ፉጨት ይሰማል። የገጠመልኝ ባለሙያ ከኋላ መቀመጫ ሥር የድምፅ ጉልበት የሚጨምር አምፕሊፋየርና ለወፍራም ድምፅ ብቻ የሚሠራ ሰብዉፈር የሚባል ስፒከር ካልገባ አይስተካከልም ብሎኛል። ገንዘቡን ላውጣ ወይስ ይቅርብኝ?
አንባቢ፣ ከፍኖተ ሰላም

መልስ፦ ለጊዜው አያውጡ። ከዘረዘሯቸው ምልክቶች አብዛኞቹ የሰብዉፈር እጥረት ሳይሆኑ የበሩና የአገጣጠሙ ጉድለቶች ናቸው፤ እነዚህ ሳይስተካከሉ ሰብዉፈር ቢጨመር ከበሮው ከኋላ ለብቻው ይደልቃል፣ ዘፋኙና ማሲንቆው ግን ከፊት ሆነው ጆሮ መውጋታቸውን ይቀጥላሉ።

መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን ምርመራ ያድርጉ። ከሁለቱ ስፒከሮች የአንዱ ፕላስና ማይነስ ተገላብጦ ከተገጠመ፣ አንደኛው ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ስለሚስብ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፤ ቀጭኑ ድምፅ ግን ይቀራል፤ ይህም እርስዎ ከገለጹት ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። ለማረጋገጥ የስፒከሮቹን ገመዶች ከቴፑ ጀርባ ነቅለው የ1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ለቅጽበት ያስነኳቸው፤ የድንጋዩ ፕላስ የስፒከሩን ፕላስ ሲነካ የሁለቱም ስፒከር ሆድ፣ ማለትም የሚርገበገበው ክፍል፣ ወደ ውጭ መገፋት አለበት። እግረ መንገድዎን የስፒከሩ ማይነስ ከመኪናው አካል ጋር አለመታሰሩን ይመልከቱ። ገመድ ለመቆጠብ ማይነሱን ከቆርቆሮው ጋር የማሰር ልማድ በጥንት ቴፖች ዘመን ይሠራ ነበር፤ የዛሬዎቹ ቴፖች ግን በፕላሱም በማይነሱም ድምፅ ስለሚልኩ እንዲህ ያለው አገጣጠም ቴፑን ያቃጥላል።

ቀጥሎ በሩ ነው፤ የጉዳዩ እምብርትም በእኛ እይታ ይኸው ነው። ስፒከር ወደ ፊት አየር በሚገፋበት ቅጽበት ከጀርባው ተቃራኒውን ያወጣል፤ የፊቱና የኋላው ከተገናኙ ወፍራሙ ድምፅ ተሳፋሪው ዘንድ ሳይደርስ ይጠፋል። በሩ እንደ ሳጥን ሆኖ ሁለቱን መለየት ነበረበት፤ ነገር ግን የውስጠኛው ቆርቆሮ ለመስታወት ማንሻውና ለቁልፉ ሲባል ትላልቅ ክፍተቶች አሉት፤ እነርሱም በላስቲክ የተሸፈኑ ናቸው። መኪና ዓመታት ሲያገለግል፣ መስታወት ወይም ቁልፍ ሊጠግን በሩን የከፈተ ሰው ላስቲኩን ቀዶ ሳይመልሰው መሄዱ እጅግ የተለመደ ነው፤ የእርስዎም በር በዚህ ሁኔታ ላይ ሊሆን እንደሚችል እንጠረጥራለን። ስለዚህ የበሩን ሽፋን ያስነሡና ክፍተቶቹን በወፍራም ላስቲክ ወይም በአንድ ወገኑ አሉሚኒየም ባለው ተለጣፊ የጎማ ንጣፍ ያሸጉ፤ ከዚሁ ንጣፍ አንድ ቁራጭ ከስፒከሩ ጀርባ ትይዩ ባለው የውጭ ቆርቆሮ ላይ ቢለጠፍ መንቀጥቀጡም ይቀንሳል። በርካሽነቱ ተመርጦ ለጣሪያ የሚሸጠው የሬንጅ ንጣፍ ግን በፀሐይ ይለሰልሳል፣ ይሸታልም።

ላስቲኩ የሚጠብቀው ድምፅን ብቻ አይደለም። በመስታወቱ ጠርዝ ሾልኮ የሚገባው ውሃ በበሩ ውስጥ ወርዶ በታችኛው ጠርዝ ባሉት ቀዳዳዎች እንዲወጣ የሚመራውም እርሱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የጎጃም ደጋ የሚያወርደውን ዝናብ ለሚያውቅ ሰው፣ እነዚያን የታች ቀዳዳዎች በንጣፍ መድፈን በሩን ለዝገት አሳልፎ መስጠት መሆኑን መንገር አያሻም። በዚሁ ምክንያት ስፒከሩ የሚታሰርበት ቀለበት ከፕላስቲክ ቢሆን ይመረጣል፤ ኤም ዲ ኤፍ የሚባለው የተጨመቀ እንጨት ዙሪያውን በቀለም ካልተሸፈነ ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ብሎኖቹም ይላላሉ። ወደ ፊት ስፒከር ሲቀይሩም ሆዱ ከወረቀት ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራውን ይምረጡ፤ ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ የቀዳዳውን ስፋት ብቻ ሳይሆን፣ መስታወቱን እስከ መጨረሻው አውርደው ከስፒከሩ ጀርባ የሚቀረውን ጥልቀት ይለኩ፤ ማግኔቱ መስታወቱን የሚነካ ከሆነ ስፒከሩ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን ለዚያ በር አይሆንም።

ስለ ዋቱ። በካርቶን ላይ የሚታተመው ትልቅ ቁጥር ስፒከሩ ለቅጽበት ይሸከማል የሚባለው ነው፤ ሊያዩት የሚገባው አር ኤም ኤስ ተብሎ የሚጻፈውን፣ ማለትም ያለማቋረጥ የሚሸከመውን ነው። ቴፕዎም ፊቱ ላይ «50 በ4»፣ ማለትም በአራቱም መውጫ 50 ዋት፣ ቢልም፣ በ14 ቮልት ገደማ የሚሠራ ቴፕ ለ4 ኦም ስፒከር (ኦም ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ መለኪያ ነው) የሚሰጠው ንጹሕ ጉልበት ከ15 እስከ 20 ዋት ቢሆን ነው። በዚህ አነስተኛ ጉልበት ድምፁን የሚወስነው የስፒከሩ ዋት ሳይሆን በድምፅ መለኪያው በዴሲቤል የሚጻፈው ስሜታዊነቱ፣ ማለትም በተሰጠው ዋት ምን ያህል እንደሚጮኽ ነው። በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር የቴፑን ዋት በእጥፍ ከመጨመር እኩል ይቆጠራል፤ ስለዚህ 91 የተጻፈበት የ60 ዋት ስፒከር፣ 88 ከተጻፈበት ባለ ትልቅ ቁጥር ስፒከር በእርስዎ ቴፕ ላይ አጥርቶ ይጮኻል። ቴፑ ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚያወጣው የተሰነጣጠቀ ድምፅ ነው ጆሮ የሚወጋው።

ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች እንዲሰሙ የፊቱን መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው በስፒከሩ አጠገብ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ሹፌሩ ነውና። ለጆሮ ጤና የሚሠራበት መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 88 ላይ 4 ሰዓት ብቻ ይፈቀዳል ማለት ነው። ከቴፑ የኋላ መውጫ ሁለት ስፒከሮች ወደ ኋላ ያስዘርጉና በቴፑ ላይ የፊቱንና የኋላውን ድምፅ የሚያከፋፍለውን ሚዛን ወደ ኋላ ያድርጉት፤ ከፊቶቹ ጋር በአንድ ገመድ ግን አይደርቡ፤ ሁለት ባለ 4 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም ስለሚሆኑ ቴፑ ከመጠን በላይ ይሞቃል።

ፉጨቱ የሚመጣው ከዲናሞው ሲሆን፣ መግቢያው ብዙውን ጊዜ የቴፑ ደካማ ማይነስ ነው። ማይነሱን ቀለሙ ተፍቆ በተጋለጠ ቆርቆሮ ላይ በብሎን ያሳስሩት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ይበቃል።

ይህ ሁሉ ተሠርቶ ተጨማሪ ድምፅ ከፈለጉ፣ ከሰብዉፈሩ በፊት በእያንዳንዱ መውጫ 50 ዋት አር ኤም ኤስ የሚሰጥ ባለ አራት መውጫ አምፕሊፋየር እንመክራለን። ክላስ ዲ የሚባለው ዓይነት 200 ዋት ለማውጣት 250 ዋት ገደማ፣ ማለትም 18 አምፔር ያህል ከባትሪ ይስባል፤ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድና ከባትሪው በ30 ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚቀመጥ የ30 አምፔር ፊውዝ ይበቃዋል። ፊውዙን አምፕሊፋየሩ አጠገብ የሚያደርጉ አሉ፤ ገመዱ መንገድ ላይ ተልጦ ቆርቆሮ ቢነካ ግን እሳቱን የሚያቆመው በባትሪው በኩል ያለው ብቻ ነው። ሞተሩ ከፊት መቀመጫዎች ሥር ስለሆነ አምፕሊፋየሩን ከዚያ ሙቀት ያርቁት። የገዟቸውን ስፒከሮች አይጣሏቸው፤ በቂ ጉልበት ሲያገኙና በሩ ሲታሸግ ዛሬ የነፈጉዎትን ከበሮ ሊያሰሙ ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የጭነት መኪናዬ 24 ቮልት ነው። ኤሌትሪሺያኑ ባለ 12 ቮልቱን ቴፕ ከሁለቱ ባትሪዎች ከአንዱ ብቻ አገናኘልኝ። ይሠራል፤ ችግር ይኖረው ይሆን?
አንባቢ፣ ከቡሬ

መልስ፦ አለው፤ ይንቀሉት። ሁለቱ ባትሪዎች በተከታታይ ታስረው እኩል ሲሞሉ አንዱ ብቻ እየተመጠጠ ይኖራል፤ የተመጠጠው ሳይሞላ ሌላው ከመጠን በላይ ስለሚሞላ ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ይሞታሉ። ከ24 ወደ 12 ቮልት የሚቀንስ ኮንቨርተር ያስገቡ፤ መጠኑን ለመምረጥ ቴፑ ጀርባ ባለው ፊውዝ ላይ የተጻፈውን አምፔር አይተው ከእርሱ ከፍ ያለውን ይግዙ።