ያልተገኘን ቁስ መፈለግ ሙያ ይሆናል?

ጥያቄ፦ የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። ዳርክ ማተር የሚባለውን፣ ብርሃን የማይሰጥና በስበቱ ብቻ የሚታወቅ ጨለማ ቁስ እስካሁን በቀጥታ ያገኘው ሰው ከሌለ፣ ዕድሜን ለፍለጋው መስጠት ኪሳራ አይሆንም?

መልስ፦ የፍለጋው መነሻ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1933 የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ፍሪትዝ ዝዊኪ፣ ኮማ በሚባለው የጋላክሲዎች ክምችት ውስጥ ያሉ ጋላክሲዎች የሚታየው ቁስ ስበት ሊይዘው በማይችል ፍጥነት እንደሚንቀሳቀሱ አስተውሏል፤ በ1970ዎቹም የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ቬራ ሩቢን የጋላክሲዎችን ሽክርክሪት ለክታ ተመሳሳይ የቁስ ጉድለት አሳይታለች። ጉድለቱን ይሞላል ተብሎ የሚታሰበው የማይታይ ቁስ ነው ጨለማ ቁስ የሚባለው።

የዕለት ሥራው ግን ብዙዎች እንደሚገምቱት ሰማይን መመልከት አይደለም። በአሜሪካ ደቡብ ዳኮታ የሚገኘው ሉክስ ዜፕሊን የተባለው የጨለማ ቁስ ቅንጣት መፈለጊያ መሣሪያ፣ በላዩ ያለው አለት ከጠፈር የሚመጣውን የኮስሚክ ጨረር እንዲቀንስለት ከምድር በታች 1.5 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የተተከለ ሲሆን ቅንጣት ሲገጨው ብልጭታ የሚሰጥ 10 ቶን ፈሳሽ ዜነን ይዟል። ተመራማሪዎቹ ከመሣሪያው ብረትና ሽቦ ሳይቀር የሚወጣውን ጥቃቅን ጨረር ይለካሉ፣ አሳሳች ምልክቶችንም ያጣራሉ፤ ይህን አድካሚ ሥራ የማይወድ ሰው ሌላ መስክ ቢመርጥ ይሻላል።

አለማግኘትም ቢሆን የሚታተም ውጤት ነው፤ ቅንጣቱ ሊኖረው የማይችለውን ባሕርይ ይወስናልና። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የቋሚ የዩኒቨርሲቲ ቦታዎች ጥቂትነት ነው፤ ስለዚህ ከፊዚክስ ውጭም ሥራ የሚያስገኙትን የመረጃ ትንተናና የመሣሪያ ግንባታ ክህሎቶች ከወዲሁ ያዳብሩ።